የመምህር አምሐ የጀርመን ቢላ

መምህር አምሐ ስለ ብረት ዕድሜውን ሙሉ አስተምሯል፤ ብረት ግን ነክቶ አያውቅም ነበር። ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተምራል። ጠመኔ ከጣቱ የማይለቅ፣ አምፖል ሲቃጠል ሰው የሚጠራ፣ ሚስማር ለመምታት ጎረቤት የሚያስቸግር ሰው ነው። በእኛ አገር የተማረ ሰው የሚታወቀው እንዲህ ነው። እጁ ንጹሕ ከሆነ ተምሯል ማለት ነው። ጥፍሩ ሥር ጥቁር ነገር የታየ ዕለት ዲግሪው ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ እንኳ "ምን ደረሰበት? ከሥራ ወጣ እንዴ?" ይባላል።

አንድ ክረምት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አምሐ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲጎረጉር አንድ ጢማም ፈረንጅ አገኘ። ፈረንጁ ጋራዡ ውስጥ ቆሞ ሁለት ዓይነት ብረት እንደ ካርቶን ደራረበ፤ አጋለ፤ ቀጠቀጠ፤ አጠፈና ደግሞ ቀጠቀጠ። በመጨረሻ አሲድ ውስጥ ነክሮ ሲያወጣው ብረቱ ላይ የውሃ ሞገድ የመሰለ መስመር ታየ። የደማስቆ ብረት ይሉታል።

"ጽጌ! ጽጌ፣ ነይ እይው እስቲ!"

ሚስቱ ጽጌማርያም ሽንኩርት እየላጠች ብቅ አለች። አየችው። "ቢላ አለን እኮ" ብላ ተመለሰች።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ሁላችንም በሰላም በኖርን ነበር። አምሐ ግን በማግስቱ ሠፈሩ ውስጥ ጋራዥ ያለው ገሜዳ ዘንድ ሄዶ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ለመነ።

"ለምንዎ ነው መምህር?"

"ቢላ ልሠራበት።"

ገሜዳ ከመኪናው ሥር ብቅ አለና ፊቱን አየው። "መምህር፣ ቢላ እኮ ሱቅ አለ።"

"አውቃለሁ።"

"ደመወዝ አልከፈሏችሁም እንዴ? እውነቱን ይንገሩኝ። እኔ ጋ ሥራ አለ፤ ጎማ መፍታት ለማንም አይከብድም።" ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ቢሆንም ገሜዳ ባሌስትራውን ሰጠው፤ ከአንድ እንጨት ቤት የተጣለ የመሰንጠቂያ መጋዝ ስለት ጨመረለት፤ እቶን የሚሆን የአሮጌ አይሱዙ የፍሬን ከበሮም መረቀለት። አምሐ ከምናለሽ ተራ ቁራጭ የባቡር ሐዲድ ገዝቶ መቀጥቀጫ መስፍ አደረገው። ለወናፍ የልጁን የፀጉር ማድረቂያ ወሰደ። ብረት ከብረት እንዲጣበቅ የሚነሰነሰውን ነጭ ዱቄት ደግሞ ከአንድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ አገኘ። ወርቅ ሠሪው በክራቫት ነው የተቀበለው። ልብ በሉ፦ ወርቅ በእሳት ሲመታ ጥበብ ነው፤ የመቺው ልጅ በሊሞዚን ትዳራለች። ብረት በዚያው እሳት ሲመታ ግን መቺው ቀጥቃጭ ነው፤ ጠይብ ነው፤ ሰው በዓይኑ የሚበላ ቡዳ ነው። ሰፊው ሕዝብ ይህን የሚያስረዳበት ሳይንስ አለው፤ መጽሐፉ ግን እስካሁን አልታተመም።

የመጀመሪያው ሙከራ አሳፋሪ ነበር። ደራርቦ ያጋለው ብረት መዶሻ ሲያርፍበት እንደ ደረቀ ፓስቲ ተላቀቀ። ዝገቱን አልጠረገውም ነበር። ሁለተኛው ተቃጠለ፤ ፍንጣሪው ክንዱ ላይ ጠባሳ ተወለት። ኬሚስትሪ መምህራችን ብረት በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ ለተማሪ በቃሉ ይወጣዋል፤ እሳት ውስጥ ያለው ብረት ግን ዲግሪውን አይናገርም። ቀለሙን ማየት ነው ያለው። ቀይ ሲሆን ገና ነው፤ የበሰለ ብርቱካን ሲመስል ቀርቧል፤ ቅቤ ቅቤ ሲል አሁን! አምሐ ይህችን "አሁን" ለመያዝ ክረምቱን ፈጀ። ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጥግ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይጀመራል።

"አምሐ፣ ምነው ቤት እያፈረስክ ነው?" ትለዋለች በአጥር በኩል ጎረቤቱ ዙቤዳ።

"እየሠራሁ ነው!"

"እሱን እኮ ነው የፈራሁት!"

ዙቤዳ ትቀልዳለች። ሌላው አይቀልድም። ሌላው በሩ ሥር ሲያልፍ ልጁን ወደ ወዲያኛው ጎኑ ያዞራል። ኮልፌ ውስጥ በብዙ ነገር እንለያያለን፤ በዚህች ጉዳይ ግን ሃይማኖትም፣ ብሔርም፣ የትምህርት ደረጃም አይለየንም። አንድነት ማለት ይሄ ነው።

ጽጌማርያም መጀመሪያ የጓዳውን መስኮት ዘጋች። በኋላ ግን ያለችው ነገር ልክ ነበር። "ልጅህ ልትዳር ነው፣ አምሐ። ሽማግሌ አንዴ መጥቶ ተመልሷል። ሁለተኛ ሲመጡ ይሄን ድምፅ ቢሰሙ ምን ሊሉ ነው?"

ልጃቸው ፅዮን ቤቴል ባለ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት። ፀሐዬ የሚባል ልጅ ወዳለች፤ እሱም ወዷታል። አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱበት ያሳደገው አጎቱ አቶ ወልደ አማኑኤል ናቸው። እሳቸው ካሉ ሆነ፤ ካላሉ አልሆነም። ቤቴል ላይ ፎቅ ያላቸው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ሲሆኑ፣ በደርግ ጊዜ ለአጭር ሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን ሄደው ስለነበር ከዚያ ወዲህ ጥሩ ነገር ሁሉ ለሳቸው ጀርመን ነው። በወጣትነታቸው "ሠርቶ አደሩ ያቸንፋል!" እያሉ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኸዋል። ሠርቶ አደሩ ሲያቸንፍ ግን ወደ ዘመዳቸው እንዳይጠጋ ይጠነቀቃሉ። በየቤቱ ሰባት ትውልድ ሲያስቆጥሩ የሚፈልጉት የሥጋ ዝምድናን ብቻ አይደለም።

አምሐ ይህን ሁሉ ያውቃል። "ይቺን ብቻ ልጨርስና እተዋለሁ" አለ። ጨረሰም። ከሽማግሌዎቹ መምጫ በፊት ብረቱ ተያዘ፤ ተጣበቀ፤ ተዘረጋ። ፈረንጁ እንዳደረገው ዝርጉን በመሰርሰሪያ ቦርቡሮ እንደገና ቀጥቅጦ አስተካከለው። ከዚያ በተቃጠለ ዘይት አጠነከረው፤ ሞቅ ባለ አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፈው። ሲያወጣው ስለቱ ላይ ክብ በክብ ውስጥ፣ ሌላ ክብ ደግሞ በዚያ ውስጥ ታየ፤ ከጫፉ እስከ እጀታው። ፈረንጁ ይህን ንድፍ የዝናብ ጠብታ ይለዋል። አምሐም ያየው የዝናብ ጠብታ ነው።  በሕይወቱ ከፈተና ወረቀት ሌላ የሠራው ነገር ይሄ የመጀመሪያው ነበር።

አንድ እንከን ነበረው። እጀታው አጠገብ፣ ሁለቱ ብረቶች በደንብ ያልተያያዙበት እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለ። ደጋግሞ ፈገፈገው፤ አልጠፋም። "ለሥጋ ይበቃል። አጥንት ካልነካ ምንም አይሆንም" አለ ለራሱ። ሰው የራሱን ሥራ ሲወድ እንዲህ ነው የሚዋሸው።

ሽማግሌዎቹ መጡ። እሺ እስኪባሉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ እሺ ተባሉ፤ ተቀመጡ። ሰባት ቤት ተቆጠረ። አምሐ አያቱ ላይ ሲደርስ አባቱ እንዳስተማረው "ወታደር ነበሩ" አለ። አቶ ወልደ አማኑኤል አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዘነበወርቅ የመጣችው የአምሐ አክስት እትዬ ሸዋገነት፣ የአባቱ ታናሽ እህት፣ ነጠላዋን አጠበቀች።

ጥሬ ሥጋ ቀረበ። አሁን ነው አምሐ ያበደው። ከመሳቢያ የሱቅ ቢላ ማውጣት ሲችል፣ ከሰርቪስ ቤት ሄዶ ያቺን ቢላ አምጥቶ ትሪው ላይ አስቀመጣት። ዝም ብሎ ነው ያስቀመጣት፤ ግን ቆሞ ጠበቀ። እንዲያይዋት ፈልጎ ነው! እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስዕሉን ለአስተማሪ ሊያሳይ።

አቶ ወልደ አማኑኤል ቢላዋን አነሱ። ወደ ብርሃን አዞሯት። እጃቸው ሥጋው ላይ ቆመ።

"ይሄ ነገር ዓይን ነው?" አሉ።

አንዱ ሽማግሌ መሳቅ ጀመረና ተወው። ሥጋ፣ ብረትና ዓይን በአንድ ትሪ ላይ! በዚህ አገር ሰው ሲበላ እንዳይታይ በር ይዘጋል፤ አምሐ ግን የሚበላበትን ቢላ ራሱን ዓይን አበጅቶለት አቀረበ። እሱ ያየው ጠብታ ነበር፤ ከእሱ በቀር ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ያየው ዓይን ነው።

"ማነው የሠራው?" አሉ አቶ ወልደ አማኑኤል፤ ቢላዋን ሳያስቀምጡ።

አምሐ አፉን ከፈተ። ፅዮን በሩ ላይ ጠላ ይዛ ቆማለች፤ ፊቷን አየ።

"ተገዝቶ ነው!" አለች እትዬ ሸዋገነት። "መርካቶ። የውጭ ነው አሉ፤ አይደል እንዴ አምሐዬ?"

አምሐ አፉን ዘጋ። ያደረገው ይሄን ብቻ ነው። ውሸታም ለመባል እንኳ አልበቃም።

አቶ ወልደ አማኑኤል ግን ፊታቸው በራ። "በሉ እንጂ! የጀርመን ነው! አውቄዋለሁ፤ እዚያ አይቻለሁ። የኛ ሰው እጅ ይህን ይሠራል? ሞቶ!" አንድ ጎድን አነሱና ቆረጡ፤ ጎረሱ። "እዩት፣ እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው!" ሽማግሌዎቹ ቢላዋን ተቀባበሉ፤ አደነቁ፤ ጎረሱ። ዓይኑ ጀርመናዊ መሆኑ ከታወቀ ወዲያ ማንንም አላየም።

"ይውሰዱት ጋሼ" አለች ጽጌማርያም ቶሎ ብላ። "ለእርስዎ ይሁን።"

ቢላዋ በናፕኪን ተጠቅልላ ወደ አቶ ወልደ አማኑኤል ኮት ኪስ ገባች። አምሐ ያንን ኪስ አየ።

ጓዳ ውስጥ እትዬ ሸዋገነት ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። "ማን ነገረህ?"

"ምኑን?"

"አትቀልድብኝ! ስለ አባባ ማን ነገረህ?"

እንደዚህ ነው ያወቀው። አያቱ ወታደር አልነበሩም። ሸዋ ውስጥ ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጡ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። "አዲስ አበባ ስንገባ ወታደር አደረግነው" አለች አክስቱ እያለቀሰች። "ከሞተ በኋላ። ምን እናድርግ?" ደም ጠርቶት ነው የሚሉ ካሉ እዚህ ላይ ይቁሙልኝ። የጠራው ዩቲዩብ ነው። ደሙ ስለ አያቱ አንድም ነገር አልነገረውም ነበር፤ ዘመዶቹ የነገሩት ደግሞ ሁሉም ውሸት ነበር።

አምሐ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ሥራው ጥሩ ነበር?"

"የምን ሥራ?"

"የአባባ።"

አክስቱ እንባዋን ጠረገች። "የእሱን ማጭድ የያዘ ሰው ሌላ አይዝም ነበር። ከሩቅ ይመጡ ነበር። ውሃ ስንሰጣቸው ግን አይቀበሉንም።" ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እንግዶቹ ስትመለስ፣ በር ላይ የሰማቸውን ፅዮንን ያዘቻት። "ለፀሐዬ ትንፍሽ እንዳትይ። ማይልኝ!" አለቻት። ልጅቷ ማለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለአምሐ አንድ ረጅም የስልክ ጥሪ ነበር። አቶ ወልደ አማኑኤል ይደውላሉ። "መምህር፣ ዛሬ ታናሽ ሥጋ በላሁበት!" ይደውላሉ። "መምህር፣ የዕድራችን ሰብሳቢ አይቶት ቀና!" አምሐ "ደስ ይበልዎት ጋሼ" ይላል፤ ስልኩን ዘግቶ ያቺን የፀጉር መስመር ያስባል። ሰውየው አጥንት ላይ ቢያዞሩት? ሊነግራቸው ፈለገ። ነገር ግን ቢላው ስንጥቅ እንዳለው የሚያውቅ የሠራው ሰው ብቻ ነው። ለማስጠንቀቅ መጀመሪያ መናዘዝ ያስፈልጋል፤ ተናዘዝኩ ማለት ደግሞ የፅዮንን ሠርግ በተንኩ ማለት ነው። ስለዚህ ዝም አለ። እቶኑን በቆርቆሮ ከደነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሶፋው ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል፤ ጠባሳው እየነጣ ነው።

ሠርጉ ሆነ። መልሱ የተደገሰው በአምሐ ግቢ፣ በድንኳን ነው። አቶ ወልደ አማኑኤል ቢላዋን ይዘው መጡ፤ የመጣችበትን ቤት ሊያሳዩዋት ይመስል። ጎድን ቀረበላቸው።

አምሐ ጠረጴዛቸው አጠገብ ሄዶ ጎንበስ አለ። "ጋሼ፣ ልሳልልዎት አንዴ፣ ያምጡት።"

"የጀርመን አይሳልም!" አሉ ጮክ ብለው፤ ጠረጴዛው ሳቀ።

"ጋሼ፣ አጥንቱን ይተዉት እባክዎ። ልጆቹ በመጥረቢያ ፈልጠው ያምጡልዎት።"

"መምህር፣ ሠርግህን ብላ! ብረት እኔ አስተምርሃለሁ!" አሉና ቢላዋን የጎድኑ መገጣጠሚያ ውስጥ አስገብተው ጠመዘዙት።

ድምፁ ትንሽ ነበር። ጠክ። እጀታው መዳፋቸው ላይ ቀረ፤ የተሰበረው ጫፍ መዳፋቸውን ሰነጠቀው። ደም ትሪው ላይ ወረደ። ፅዮን በሙሽራ ልብሷ ሮጣ መጣች፤ እጃቸውን ጨብጣ፣ አጽድታ፣ በፋሻ አሰረች።  አንዴ ብቻ ቀና ብላ አባቷን አየች፤ ወዲያው ዓይኗን መለሰች።

አቶ ወልደ አማኑኤል ግን የተቆጡት በቢላዋ አይደለም፤ በነጋዴው ነው። "አጭበርብሮሃል! የቻይናውን የጀርመን አስመስሎ ሸጦልሃል! ሱቁን ታውቀዋለህ አይደል? ሮብ አብረን እንሄዳለን። እንዲህ ያለ ሌባ ዝም ከተባለ ነገ ሌላ ሰው ይቆርጣል!"

ድንኳኑ ሁሉ "እውነት ነው!" አለ። አሁን ጥፋተኛ ያስፈልጋል፤ ጥፋተኛው ደግሞ መርካቶ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የተቀመጠ፣ በዚህ ሁሉ ነገር እጁ የሌለበት ሰው ነው። ገና ስሙ አልወጣለትም እንጂ ተፈርዶበታል።

ፅዮን ከመሄዷ በፊት አባቷን ጓዳ ጠራችው። "አባዬ፣ ፀሐዬ ዛሬ ማታ ቢላው ከየትኛው ሱቅ እንደሆነ ይጠይቀኛል። ባሌን በመጀመሪያው ሳምንት ልዋሸው ነው?"



ሮብ ጠዋት የአቶ ወልደ አማኑኤል ኮሮላ 18 ማዞሪያ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ቀኝ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ በግራ እጃቸው ነው የሚነዱት፤ እየተሳደቡ። ሁለቱ ስባሪዎች በናፕኪን ተጠቅልለው መሐላቸው ተቀምጠዋል። መርካቶ ሲቃረቡ "የትኛው ተራ ነው?" አሉ።

አምሐ ሱቆቹን አየ። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ በር ላይ ተቀምጦ ድስት ይወለውላል። እሱን ማሳየት ይቻላል። ሰውየው አልሸጥኩም ይላል፤ ሌባ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።

"ጋሼ፣ ዳር ይያዙ አንዴ።"

"ደረስን?"

"ሱቅ የለም።"

"ተዘግቷል?"

"አልነበረም። እኔ ነኝ የሠራሁት። ቤት፣ ከሰርቪሱ ጀርባ። ስንጥቅ እንዳለውም አውቅ ነበር። እጅዎን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።" ከዚያም "አያቴም ወታደር አልነበሩም" አለ።

አቶ ወልደ አማኑኤል መኪናውን አጠፉ። ፋሻቸውን አዩ። ቀጥሎ ሆዳቸውን አዩ። "በልቼበታለሁ እኮ" አሉ ቀስ ብለው። "ይህን ሁሉ ጊዜ!"

"አመመዎት?"

አሰቡ። "አይ። እንዲያውም ጨጓራዬ ተሽሎኝ ነበር።" ይህን ማለታቸው ራሳቸውን አናደዳቸው። ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ አላቸውና ፊታቸው ጠቆረ። "ቤቴል ያለ ሰው ሁሉ አይቶታል! የዕድር ሰብሳቢው ጎርሶበታል! እኔ ነኝ ቤት ለቤት ይዤ የዞርኩት! ሰው ቢሰማ…" ዞር ብለው ክንዱን ያዙት። "ማን ያውቃል?"

"ቤተሰብ።"

"ከዚህ እንዳይወጣ። ሱቁ ተዘግቷል እንላለን፤ ነጋዴው አገር ለቋል። ሰማህ?"  የነበረው ቁጣ፣ የነበረው ዘር ቆጠራ፣ ወዴት እንደሄደ እንጃ። ሰውየው የፈሩት ቡዳን አይደለም፤ የዕድር ሰብሳቢውን ነው።

መኪናውን አስነስተው ወደ ኮልፌ መለሱት።  18 ማዞሪያ ሲደርሱ ዳር ይዘው አቆሙ።

"አንተ… ሌላ ትሠራለህ?"

አምሐ ክስ መሰለው። "አልሠራም ጋሼ። እቶኑን ከድኜዋለሁ።"

"አይ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም።" መንገዱን እንጂ እሱን አያዩም። "እውነቱን ለመናገር እንደሱ ያለ ስለት አይቼ አላውቅም። ስንጥቁን ካስተካከልከው… ከጀርመን ተላከልኝ እላለሁ። ማን ያውቃል?"

አምሐ አክስቱ ስለ ውሃው ያለችው ትዝ አለው። ሁለቱን ስባሪ ብረቶች ከነናፕኪኑ አነሳ።

"ከጀርመን የሚልክልዎት ሰው የለም ጋሼ" አለና ወረደ።

ጀግና ሆነ አልልም። የአስፋልቱን ጭቃ ሳያይ ረገጠው። የሚኒባስ ረዳቶች "አየር ጤና! አየር ጤና!" እያሉ ይጮሃሉ። አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ስልኩን አወጣና ፅዮን ጋ ደወለ።

"አባዬ? ሱቁን አገኛችሁት?"

"ለፀሐዬ ንገሪው።"

"ምን ብዬ?"

"ቢላውን አባቴ ነው የሠራው በይው። ቅድመ አያቴም ብረት ሠሪ ነበሩ በይው። ስንጥቅ እንደነበረበት፣ እያወቅኩ ዝም እንዳልኩም ንገሪው። አንዱንም እንዳታስቀሪ።"

 የፅዮን ትንፋሽ ይሰማዋል። ከኋላዋ የፀሐዬ ድምፅ መጣ፤ ገና እንቅልፍ አለበት። "ማነው ፅዮኔ?" ይላል። "ምን ሆነሻል?"